ካውያው ከማለፉ በፊት

አዲሷ የኬሚስትሪ አስተማሪ ሁለት ጊዜ ተገምግማ ሁለት ጊዜ ወድቃለች። በመጀመሪያው ግምገማ አርባ ደቂቃ ሙሉ ያስተማረችው ሰሌዳውን ነበር፤ ተማሪዎቹ ጀርባዋን ከማየት በቀር ያተረፉት ነገር አልነበረም። በሁለተኛው ደግሞ ከድንጋጤዋ የተነሳ የአንድ ክፍለ ጊዜ ትምህርት በአሥራ አምስት ደቂቃ ጨረሰችና «ጥያቄ ያለው?» አለች። ማንም ጥያቄ አልነበረውም። ቀሪውን ሃያ አምስት ደቂቃ ሃምሳ ስምንት ተማሪና አንድ ገምጋሚ ቁጭ ብለው እሷን ሲያዩ፣ እሷም እነሱን ስታይ አለቀ።

ሦስተኛውና የመጨረሻው ግምገማ ሐሙስ ነው። ካለፈች ቋሚ ተቀጣሪ ትሆናለች። ከወደቀች የሙከራ ጊዜዋ ያበቃና የመማሪያ መጽሐፉን አስረክባ በመጣችበት በር ትወጣለች።

ገምጋሚው የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ናቸው። ተማሪዎች «ቀይ እስክሪብቶ» ይሏቸዋል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ይህኛው መልአክ ግን ዘጠነኛ ክፍል የተቀመጠ መሆን አለበት። ሰውዬው በኪሳቸው ሌላ ቀለም ያለው እስክሪብቶ ይዘው አይታወቁም። የተላከላቸውን የሠርግ ጥሪ ሳይቀር አርመው መልሰዋል ተብለው ይታማሉ፤ ሐሜት ነው፤ ሐሰት ነው ያለ ግን እስካሁን አልተገኘም።

ማክሰኞ ከሰዓት አስተማሪዋ ቦርሳዋን አንግታ እናቷ ወደምትሠራበት ሆቴል ሄደች። በዋናው በር አልገባችም። ከጎን በኩል ባለው ጠባብ ደረጃ ወደ ምድር ቤቱ ወረደች፤ ላውንድሪው እዚያ ነው። አራት ማጠቢያ ማሽኖች፣ ሁለት ማድረቂያዎች፣ አንድ ረጅም የካውያ ጠረጴዛ፣ ከጣሪያው ሥር ደግሞ ከእግረኛ መንገዱ ጋር የሚስተካከል አንድ መስኮት አለ። በመስኮቱ የሚታየው የአላፊ አግዳሚው ጫማ ብቻ ነው። ከሁለተኛ ክፍል ጀምሮ የቤት ሥራዋን የሠራችው በዚህ ክፍል፣ በጠረጴዛ ልብስ ከረጢቶች ላይ ተቀምጣ ነው። ያኔ እናቷ አንድ ነገር አስጠንቅቃት ነበር፤ «እናትሽ የት ነው የምትሠራው ብለው ከጠየቁሽ፣ ሆቴል በዪ። ሆቴል ትልቅ ነው፤ ምኑ ጋ እንደሆነ ማን ይጠይቃል?» በእርግጥም ማንም ጠይቋት አያውቅም። ዩኒቨርሲቲ ገብታ፣ ተመርቃ፣ ጋውን ለብሳ ማስተማር ከጀመረች በኋላም መልሷ ያው «ሆቴል» ነው። አንዳንድ የሥራ ባልደረቦቿ እናቷን እንግዳ መቀበያው ላይ ፈገግ ብላ የምትቀመጥ ሴት አድርገው ያስቧታል፤ እሷም አላረመቻቸውም።

«ዛሬ ደግሞ ምን ሊያስለቅስሽ ነው?» አለች እናቷ፣ ካውያውን ሳታቆም።

«ቦንድ።»

«የምን ቦንድ?»

«አተሞች እርስ በርስ የሚያያዙበት። እማዬ፣ ላስረዳሽ? ለአንቺ ከገባሽ ለማንም ይገባዋል።»

«አመሰግናለሁ» አለች እናቷ። «ልጅ ወልዶ ማስተማር ለዚህ ነው።»

ልጅቱ ሳቀችና ከረጢቶቹ ላይ ወጥታ ተቀመጠች። ከዚያ ጀመረች። ሁለት አተሞች ኤሌክትሮን ይጋራሉ። ጉልበታቸው እኩል ከሆነ እኩል ይጋሩታል፤ ይህ ናንፖላር ይባላል። አንደኛው ከበረታ ግን ኤሌክትሮኑ ወደ እሱ ያዘነብላል፤ እሱ ጋ ትንሽ ኔጌቲቭ፣ ደካማው ጋ ትንሽ ፖዘቲቭ ይሆናል፤ ይኼኛው ደግሞ ፖላር ነው። በመጽሐፉ ላይ ከተጻፈው አንድም አልቀራትም። እናቷም በትዕግሥት ሰማቻት፣ ፊቷ ላይ ግን አንድም ነገር አልበራም። ልጅቱ ሌላ ምሳሌ ሞከረች፣ ደግማ ሞከረች። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነባት።

«እስቲ ቆዪ» አለች እናቷ። «ቀጮ! ነይ ይኼን አንሶላ እንጠፈው።»

ቀጮ የላውንድሪው ሌላዋ ሠራተኛ ናት፤ ቀጭን ስለሆነች ቀጮ ተባለች፣ ምላሷ ግን ወፍራም ነው። ሁለቱ ሴቶች የአንሶላውን ጫፍና ጫፍ ይዘው፣ ሽብሽቡ እንዲወጣ በየበኩላቸው ሳብ አደረጉት። አንሶላው ከቀጮ እጅ እያመለጠ ወደ እናትየው ተሰበሰበ።

«አየሽ፣ ከቀጮ ጋር ሳጥፍ ሁልጊዜ አንሶላው ወደ እኔ ይመጣል። ጡረታ ከወጣችው ከድሮ ባልደረባዬ ጋር ግን እኩያ ስለነበርን መሃል ላይ ቀጥ ይል ነበር። አንቺ የምትዪው ይኼን ነው?»

ልጅቱ ከከረጢቱ ላይ ዘላ ወረደች። ይኼን ነው! አንሶላው ኤሌክትሮኑ ነው! አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተቀምጣ፣ ከዚያም ስድስት ወር አስተምራ ያላገኘችውን ነገር እናቷ በየቀኑ ስታጥፈው ነው የኖረችው። «ሌላ አንሶላ አምጪ!» አለች። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ልትሠራው ነው። ቀጮን ካርቦን አድርጋ መሃል አቆመቻት፤ በግራ እጇ አንድ አንሶላ፣ በቀኝ እጇ ሌላ አስያዘቻት። እናቷ በአንድ ጫፍ፣ እሷ በሌላው ጫፍ ኦክስጅን ሆኑ። ሳብ! ሁለቱም አንሶላዎች ወደ ዳርና ዳር ሄዱ፣ ቀጮም በሁለት እጆቿ ሁለት ጥግ ብቻ ጨብጣ ቀረች።

«እኔን ልታደርቁኝ ነው ወይስ ልትቀዳድዱኝ?» አለች ቀጮ።

እናትየው እጇ ላይ የተከመረውን አንሶላ አየች፣ የልጇንም አየች። «አሁን ማን ጋ በዛ?»

«እኩል ነው።»

«እኔ ጋም ይኼን ያህል፣ አንቺም ጋ ያን ያህል ከሆነ፣ ታዲያ በጠቅላላው ወዴት አዘነበለ?»

ልጅቱ ሁለቱን ክምር ተራ በተራ አየች። ወዴትም አላዘነበለም። እያንዳንዱ ቦንድ ፖላር ነው፤ ሁለቱ ስበቶች በተቃራኒ አቅጣጫ እኩል ስለሆኑ ግን ሞለኪውሉ በጠቅላላው ናንፖላር ነው። ይህን ታውቃለች። ፈተና ላይ በትክክል መልሳው ታውቃለች። ሰኞ ዕለት ግን ደወሉ ሊደወል ሁለት ደቂቃ ሲቀረው ሰሌዳው ላይ «ቦንዶቹ ፖላር ስለሆኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፖላር ሞለኪውል ነው» ብላ በትልቁ ጽፋለች። ሃምሳ ስምንት ተማሪዎች ገልብጠውታል። በዚህም አላበቃም። በትምህርት ቤቱ ደንብ መሠረት ደብተሮቹን ሰብስባ፣ እያንዳንዱን አይታ፣ ከሥሩ ፈርማበታለች። ተማሪ ፈተና ሲደርስ የሚያጠናው የተፈረመበትን ነው።

ከረጢቱ ላይ ዝፍ ብላ ተቀመጠችና ነገሩን ለሁለቱ ሴቶች ነገረቻቸው።

«ታዲያ ማን አየሽ?» አለች ቀጮ።

«ማንም።»

«እንግዲያው ሆድ ይፍጀው! ሐሙስን ብቻ እለፊ። ሰኞ ቀስ ብለሽ ታስተካክዪዋለሽ። ሊጥልሽ ለመጣ ሰው ምክንያት በእጅሽ ታቀብያለሽ እንዴ?»

እውነቷን ነው። ቀይ እስክሪብቶ የሰኞውን ትምህርት አላዩም። ካርቦን ዳይኦክሳይድን ሐሙስ ካላነሳችው የሚያነሳው የለም። ልጅቱ ይህን እያሰበች ቀና ስትል እናቷ ወደ ሥራዋ ተመልሳለች፤ ነጭ ሸሚዝ ከቅርጫት አንስታ ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገች። ፊቱን አየች፣ ገልብጣ ጀርባውን አየች፣ ኮሌታውን፣ የእጅጌውን ጫፍ አየች። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ልጅቱ ይህን ነገር ከሕፃንነቷ ጀምሮ አይታዋለች፤ ለምን ብላ ግን ጠይቃ አታውቅም።

«ለምንድን ነው እያንዳንዱን እንደዚህ የምታዪው? ታጥቦ አይደል የመጣው?»

«ታጥቦማ መጥቷል።» እናቷ ካውያውን በጎኑ አቆመችው። «ሥራ የጀመርኩ ዓመት አንድ የእንግዳ ሸሚዝ ላይ የምስር ፍሬ የምታክል የዘይት ጠብታ አየሁ። ሳልተኩሰው በፊት ነው ያየኋት። ሰዓት ሄዶብኛል፤ ማን ያያታል ብዬ ካውያውን አሳለፍኩባት። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ እኔ እንኳ መልቀሙም አልሆነልኝ። ዘይት አንዴ ካውያ ካለፈበት ከጨርቁ ጋር ይጋባል። ሳሙና ብትዪ፣ ቤንዚን ብትዪ፣ አይፈታውም።»

«ከዚያስ?»

«ሸሚዙን ይዤ እንግዳው ክፍል ድረስ ወጣሁ። 'እኔ ነኝ ያበላሸሁት' አልኩት። ጮኸብኝ። አለቃዬም ጮኸብኝ። ልባረር ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን ከዚያን ቀን ወዲህ እኔ የተኮስኩትን ልብስ አንድም አለቃ ገልብጦ አይቶ አያውቅም።» ካውያውን መልሳ አነሳች። «ያንቺ እድፍ ገና እርጥብ ነው ልጄ። ፈተና መች ደረሰ?»

ምከሪኝ ብትባልም ከዚህ በላይ አትመክርም። ልጅቱ ሊሄድ በተነሳ እግሯ ቆም ብላ፣ ሐሙስ ዘይትና ውሃ ለምን እንደማይዋሃዱ ማሳየት እንደምትፈልግ ስትነግራት፣ እናቷ ያረጀ የትራስ ልብስ በመቀስ አራት ቦታ ቆረጠችላት። ሁለቱ ላይ የስኳር ሽሮፕ፣ ሁለቱ ላይ የማሽን ዘይት ጠብ አደረገች። «ስኳር፣ ጨው፣ ላብ፣ ጭማቂ፣ እነዚህን ውሃ ያውቃቸዋል። ቅቤ፣ ሊፕስቲክ፣ የማሽን ዘይት፣ እነዚህን ውሃ አያውቃቸውም፤ የሚያውቃቸው ቤንዚን ነው። እያንዳንዱን ከሚያውቀው ጋር ማገናኘት ነው ሥራችን።» የመጽሐፉ ምዕራፍ ሦስት፣ ከነማጠቃለያው፣ ይኸው ነበር። ቤንዚኑንም በትንሽ ጠርሙስ አድርጋ ሰጠቻት፤ መስኮት ከፍተሽ፣ እሳት በሌለበት፣ ብላ ሦስት ጊዜ አስጠነቀቀቻት።

ሐሙስ ጠዋት ቀይ እስክሪብቶ ከኋላ ወንበር ተቀምጠው ቅጻቸውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ። አስተማሪዋ ሁለት ያረጁ የሆቴል አንሶላዎች አቅፋ ገባች። ሰላምታ ሰጥታ ደብተሮቻቸውን እንዲያወጡ ነገረቻቸው።

«የሰኞውን ገጽ ግለጡ። የመጨረሻው መስመር ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ፖላር ሞለኪውል ነው ይላል። ስህተት ነው። ስህተቱ የእኔ ነው፤ እናንተ የጻፍኩላችሁን ነው የገለበጣችሁት።»

ከኋላ የእስክሪብቶ መጫር ድምፅ ተሰማ።

«ቲቸር፣ ፈርመውበታል እኮ!» አለ ከመሃል አንድ ተማሪ። ጓደኞቹ «ጠበቃው» ይሉታል፤ ያለ ክርክር ወንበር ላይ እንኳ አይቀመጥም።

«ፈርሜበታለሁ። አንድ መስመር አስምሩበትና ሰርዙት፤ ትክክለኛውን ከሥሩ ጻፉ። በእረፍት ሰዓት ሃምሳ ስምንቱም ደብተር ላይ እንደገና እፈርማለሁ።»

ከኋላ የእስክሪብቶው ድምፅ አልቆመም። ያለቀው አልቋል፣ ስትል አሰበች፤ የሚገርመው ግን ከዚያች ደቂቃ በኋላ ፍርሃቷ ለቀቃት። የሚያስፈራው ነገር አንዴ ከተነገረ በኋላ ምን ሊያስፈራ ነው? የትምህርት ቤቱን አሎሎ ወርዋሪ ልጅ ከአንዲት ደቃቃ ጋር አንሶላ አስያዘቻት። ሳብ ሲባል አንሶላው በሙሉ አሎሎ ወርዋሪዋ እቅፍ ውስጥ ገባ፤ ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ይኼ ፖላር ቦንድ ነው» አለች። እኩያ የሆኑ ሁለት ልጆች ስታስይዝ አንሶላው መሃል ላይ ቀጥ አለ፤ «ይኼ ናንፖላር።» ቀጥላ ደቃቃዋን መሃል አቁማ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ጠንካሮች አደረገችላት። አንሶላዎቹ ወደ ሁለቱ ዳር እኩል ሄዱ።

«ጠበቃው፣ አሁን ማን ጋ በዛ?»

ጠበቃው ተነሳ፣ ግራውን አየ፣ ቀኙን አየ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚከራከርበት አጣ። «እኩል ነው። በጠቅላላው አላዘነበለም።»

በመጨረሻ አሎሎ ወርዋሪዋን መሃል አቁማ፣ ሁለት ደቃቆችን ዳርና ዳር ሳይሆን ሁለቱንም ወደ አንድ ወገን አቆመቻቸው። አንሶላው ሁሉ ጉልበተኛዋ ጋ ተከመረ፤ ደቃቆቹ የቆሙበት ወገን ባዶ ሆነ። «ይኼ ደግሞ ውሃ ነው» አለች። «ውሃ ያዘነብላል፤ ስለዚህም የሚያውቀው እንደሱ የሚያዘነብሉትን ነው።» መስኮቶቹን አስከፍታ ጨርቆቹን አወጣች። ሽሮፑ በውሃ ሲለቅ፣ ዘይቱ ውሃውን ንቆ ሲቀመጥ፣ በቤንዚን ግን ሲለቅ አሳየቻቸው።

«ጥያቄ ያለው?»

አሥራ አንድ እጅ ተነሳ። ቆጠረቻቸው፤ ሌላ ሰው ሳያያት ነው የቆጠረችው። አንዷ «ታዲያ ሳሙና ማንን ነው የሚያውቀው?» አለች። ሳሙና ሁለት ጫፍ አለው፤ በአንዱ ጫፍ ውሃን፣ በሌላው ዘይትን ይይዛል፤ አስታራቂ ነው በሉት፣ አለቻቸው። ደወሉ ተደወለ፤ የተነሳ እጅ ግን አልወረደም። ጠበቃው የመጨረሻውን ጠየቀ፤ «ቲቸር፣ ይኼ አንሶላና ጨርቅ መጽሐፉ ላይ የለም። ከየት አመጡት?»

«ከእናቴ» አለች። ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል አፏ ውስጥ ትንሽ አቆየችው። «እናቴ ሆቴል ነው የምትሠራው። ላውንድሪ ውስጥ። ሃያ ሦስት ዓመት ልብስ አጥባና ተኩሳ ነው እዚህ ያቆመችኝ። የዛሬውን ትምህርት ያስተማረቻችሁ እሷ ናት፤ እኔ ያመጣሁት አንሶላውን ብቻ ነው።»

ማን እንደጀመረው አልታየም፤ ክፍሉ አጨበጨበ። ቀይ እስክሪብቶ አላጨበጨቡም። ቅጻቸውን አጥፈው ወጡ። እሷም ጨርቆቿን ሰብስባ ወጣች፤ እረፍት ሲደርስ ተመልሳ ሙሉውን ቆማ ሃምሳ ስምንት ጊዜ ፈረመች።

አርብ ከቀይ እስክሪብቶ ምንም አልተሰማም። ቅዳሜና እሁድ እንዴት እንዳለፉ እሷ ታውቃለች። ሰኞ ቢሯቸው አስጠሯት።

«ተቀመጪ» አሉ ቀይ እስክሪብቶ፣ ከቅጹ ላይ ዓይናቸውን ሳያነሱ። «አንድ፣ ሰባት ደቂቃ አሳልፈሻል፤ የሒሳብ መምህሩ በር ላይ ቆሞ ነበር። ሁለት፣ የሰሌዳ ጽሑፍሽ ቁልቁል ይወርዳል። ሦስት፣ የተሳሳተ ማስታወሻ ሰጥተሽ ፈርመሽበታል።»

«አዎ፣ ጋሼ» አለች።

«አልጨረስኩም። ቅጹ ላይ ተራ ቁጥር አሥራ አራት 'መምህሩ የራሱን ስህተት ሲያገኝ ምን ያደርጋል' ይላል። ሃያ ሁለት ዓመት ስገመግም እዚያ ቦታ ላይ 'አልታየም' እያልኩ ነው የሞላሁት። ስህተት ጠፍቶ አይደለም። ሁሉም ስለሚሸፍነው ነው። እኔም ስገመገም ሸፍኜ ነው ያለፍኩት።» ቅጹን ወደ እሷ አዞሩት። «ዘንድሮ የምጽፈው አገኘሁ።»

ደብዳቤውን በጠረጴዛው ላይ ገፋ አደረጉላት። ቋሚ ቅጥር ይላል፤ ከሥሩ በቀይ ተፈርሟል። አንብባ ቀና ስትል ሰውዬው የኮታቸውን ኮሌታ ገልበጥ አድርገው ይዘዋል።

«እናትሽን አመስግኚልኝ። እግረ መንገድሽን ደግሞ ይኼን ቅባት ጠይቂልኝ፤ ምን ያወጣዋል?»

«ካውያ አልፎበታል?»

«ብዙ ጊዜ።»

«እንግዲያውስ አይለቅም፣ ጋሼ።»

«ጠርጥሬ ነበር» አሉና ለመጀመሪያ ጊዜ ሲስቁ አየቻቸው።

ወደ ሆቴሉ የሄደችው በተጨናነቀ አውቶቡስ ነው፤ ደብዳቤውን ቦርሳ ውስጥ ለመክተት አላመነችውምና ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛው ቆማ ሄደች። ምድር ቤት ስትወርድ ወረቀቱ የተጨመቀ መሐረብ መስሏል። ቀጮ ከሩቅ አይታ እልልታዋን ለቀቀችው፤ ማሽኖቹ ባይጮኹ እንግዳ መቀበያው ድረስ ይሰማ ነበር። እናቷ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ልጇን አቀፈችና ወዲያው ለቀቀቻት፤ ዓይኗ እንዲታይባት አልፈለገችም።

«እማዬ፣ ለተማሪዎቹ ስላንቺ ነገርኳቸው።»

«ምን ብለሽ?»

«ላውንድሪ እንደምትሠሪ።»

እናቷ ወደ ጠረጴዛው ዞረች። ያለ ምክንያት የካውያውን ሽቦ አስተካከለች። «ሆቴል በዪ አላልኩሽም?»

«ብያለሁ። ምኑ ጋ እንደሆነም ጨመርኩበት።»

«እና... ምን አሉ?»

«አጨበጨቡ።»

እናቷ የተስተካከለውን ሽቦ ደግማ አስተካከለች። ልጅቱም ለብዙ ዓመት ሳትለው የኖረችውን ያን ጊዜ አለችው። «አመሰግናለሁ፣ እማዬ። ለአንሶላውም፣ ለሸሚዙም ታሪክ፣ እዚህ ከረጢት ላይ ላስቀመጥሽኝ ዓመታት ሁሉ። ሳልነግርሽ በመቆየቴ አፍራለሁ።»

«ምን አደረግኩና» አለች እናቷ፤ ድምፅዋ ግን እርጥብ ነበር። «ይልቅ ወረቀቱን አምጪ። የሥራ ደብዳቤ እንደዚህ ይያዛል?»

ተቀብላት ሽብሽቡን በመዳፏ ዳሰሰችው። ከዚያ ሁልጊዜ እንደምታደርገው ወደ መስኮቱ ብርሃን ከፍ አደረገችው። ፊቱን አየች፣ ገልብጣ ጀርባውን አየች። ከውጭ የሰዎች ጫማ ያልፋል።

«ጨርቅ ቢሆን እኔው አየው ነበር» አለች። «የዚህን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እድፍ አለበት?»

«የለበትም፣ እማዬ።»

እናቷ ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ፣ ነጭ ጨርቅ ደረበችበትና ካውያውን አሳለፈችበት።